ሎምቤቦ ያሾፈበት ክራር

የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ጡረታ ወጥተህ ግድግዳ ከምታይ እስቲ እዚህ ግባ» ብላ ስልኬ ላይ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ከከፈተችልኝ ወዲህ ሰላም የለኝም። ከሆሳዕናም፣ ከዱራሜም፣ ከጊምቢቹም፣ ከዶዮገናም ዜማ የሚሞካክሩ ሰዎች እቤታቸው የቀዱትን እየለቀቁ አስተያየት የሚለዋወጡበት ነው ተባለ። ይለዋወጣሉ እንግዲህ! አንዱ ጎረምሳ ድምፁ እንዲያስተጋባለት መታጠቢያ ቤት ገብቶ ይዘፍናል፤ ከኋላው ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል፤ ከበሮው ከፋብሪካ ተሞልቶ የመጣ ኪቦርድ ደግሞ ዘፋኙ ደረሰም አልደረሰም የራሱን መንገድ ይሄዳል። «ሰላም ቤተሰብ፣ ዛሬ የመጣችልኝ ናት፣ አስተያየታችሁን ጀባ በሉኝ» ይላል። ዘፈኑ ገና ከመግቢያው ሳይወጣ ምርቃቱ ይዘንባል። «ዋው!» «ተባረክ!» «ጸጋውን ያብዛልህ!» «ይሄማ አልበም ነው የሚገባው!» ከዚያ የእሳት ምስል፣ ከዚያ ልብ፣ ከዚያ የሚያጨበጭቡ እጆች። ያዳመጠ ሰው የለም። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ለእናቷ ስለ ድንች ዋጋ የተናገረችውን የድምፅ መልእክት ተሳስታ እዚያ ስትለቀው «ድንቅ ዜማ ነው እህቴ» ያሏትን ሰዎች በዓይኔ አይቻለሁ።

ከሁሉም የሚያንገሸግሸኝ ግን የግሩፑ አስተዳዳሪ ነው። ሎምቤቦ ይባላል። ጠዋት ይነሣና ሌሊቱን የተለቀቀውን ሁሉ በተራ ሲባርክ ይውላል። መታጠቢያ ቤቱንም፣ ኪቦርዱንም፣ በአፍንጫው የሚዘምረውንም እኩል ይባርካል። ወጣቶቹ «ጋሽ ሎምቤ፣ አባታችን» ይሉታል። እኔ ይህን ሰው የማውቀው ምላሱ ኮሶ በነበረበት ዘመን ነው። ሎምቤቦ አንድን ሰው ሲያመሰግን ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ አሁን ከዚያ አፍ ማር ሲንጠባጠብ ሳይ ወይ ያኔ አስመስሎ ነበር፣ ወይ ዛሬ ያስመስላል እያልኩ እበግናለሁ። ያም ሆነ ይህ ከግሩፑ አልወጣሁም። ሰው የሚንቀውን ነገር ማየት እንዲህ እንደሚጥም በዚህ ዕድሜዬ ነው ያወቅሁት።

ሁለት ሳምንት ይሆናል፣ የሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ካሉት ትንንሽ ሻይ ቤቶች በአንዱ ቁጭ ብዬ ስልኬን እያየሁ ብቻዬን ሳጉረመርም፣ «ጋሽ ተስፋዬ! አለህ እንዴ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል ታደለች ናት፤ የዶዮገናዋ ታደለች። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፣ ሹራብ ደርባለች፣ ድምፁ ግን ያው ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ጥርት ያለ ድምፅ። ያንን ድምፅ በዘመናችን ከነበርነው ሁሉ እግዜር ለአንዷ ብቻ ሰጥቶ ለሌሎቻችን ምኞቱን ብቻ እንደተወልን ሁልጊዜ አስባለሁ። ሻይ አዘዝኩላት። ምን ልትሠራ እንደመጣች ብጠይቃት ከቦርሳዋ ፕላስቲኩ የቢጫ ሽሮ መልክ የያዘ ካሴት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«እዚህ ከተማ ኮምፒውተር ቤት ያለው ልጅ ከካሴት ላይ የጠፋ ያወጣል ሲሉኝ ነው የመጣሁት። በላዩ ላይ የተቀዳበትን ከሥር ያለውን ያወጣል አሉኝ» አለች።

«እና?»

«ሳቀብኛ! ‹ማዘር፣ የተደመሰሰ እኮ ተደመሰሰ ነው› አለኝ። እኔም እዚያው ቤቱ ውስጥ ሰው እንደሌለው ሳላለቅስ አልቀረሁም።»

ካሴቱን አይቼው ወዲያው አወቅሁት። ያኔ፣ እኔ ጊምቢቹ አስተማሪ ሳለሁ፣ ሎምቤቦ እዚሁ ሆሳዕና ቢሮ ጸሐፊ፣ ታደለችና ወንድሟ ጴጥሮስ ደግሞ ዶዮገና ነበሩ። እኛም አርቲስቶች ነበርን፤ ምን ያልሆንነው አለ? ጉልበቱ ላይ ተጣብቆ ከታች መንገድ የሚጠርግ ሱሪ፣ ጆሮ የሚደርስ ኮሌታ፣ ከኋላ ኪስ ብቅ ያለ የእንጨት ሚዶ። ሚዶው የሚያበጥረው ፀጉር ዛሬ የለም፤ ያኔ ግን ዝናብ ሲመጣ ከራሳችን አስቀድመን የምንሸፍነው እሱን ነበር። መናኸሪያው ጥግ አንድ ሙዚቃ ቤት ነበር፤ በሩ ላይ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ አንዱን ዘፈን ካሴቱ እስኪላላ ድረስ ያስጮኸዋል፤ እኛ ያችን ዘፈን ወስደን ቃሏን ቀያይረን «አዲስ ድርሰት» እንላለን። ባዶ ካሴት ውድ ስለነበር ገዝቶ የሚቀዳ አልነበረንም፤ የሰለቸንን የታዋቂ ዘፋኝ ካሴት አናቱ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች በፕላስተር እንደፍንና በላዩ ላይ የራሳችንን እንቀዳለን። ስንት ምርጥ ድምፅ ለእኛ ጩኸት ሲባል እንደተደመሰሰ ሳስበው ያሳፍረኛል። የቴፑ ባትሪ ሲደክም ደግሞ ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። በደከመ ባትሪ የተቀዳ ዘፈን በአዲስ ባትሪ ሲከፈት ድምፁ ይቀጥናል፤ አንድ ጊዜ እኔ በወፍራም ድምፅ የቀዳሁት የፍቅር ዘፈን ሆሳዕና ሲደርስ የጫጩት ልመና ሆኖ ተሰማ።

ያን ጊዜ ስልክ ማን ነበረው? ካሴቱን ለመኪና ረዳት እንሰጣለን፤ ረዳቱ በኤንትሬው ጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ከቅባት ጨርቅና ከሙዝ ጋር ያደርሰዋል። ልማዳችን እንዲህ ነበር፤ ዘፈኑ በካሴቱ ፊት ይቀዳል፣ የተቀበለው ሰው አዳምጦ ይገለብጠውና በጀርባው አስተያየቱን በራሱ ድምፅ ቀድቶ ይመልሳል። ደብዳቤ የሚባል ነገር አንጽፍም፤ ስለ ዜማ በወረቀት መነጋገር ምን ይባላል? አስተያየቱም አስተያየት ነበር። በተለይ የሎምቤቦ። እኔ ስለ አንዲት ቆንጆ የዘፈንኩትን ሰምቶ ጀርባው ላይ ምን እንዳለኝ ዛሬም በቃሌ አለ። «ተስፋዬ፣ ይህችን ልጅ አይተሃታል? አላየሃትም። ጥርሷ በረዶ፣ ጉንጯ ብርቱካን፣ አንገቷ ብርሌ ትላለህ። ይህ ሰው ነው ወይስ ቡና ቤት?» ከዚያ ዘፈኔን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአፍንጫው ዘፈነው። ሰውየው እንዲህ ነበር፤ አንድን ዜማ ራሱ ሳይዘፍነው ሊሰድበው አይችልም። እያንዳንዷን ቦታ እየዘፈነ «ይቺን ስማት፣ ይቺን ስማት» እያለ ነው የሚገድልህ። ወር ሙሉ ጠላሁት። ከዚያ ጎረቤቴ የነበረችን አንዲት እውነተኛ ልጅ አይቼ ዘፈኑን ደግሜ ሠራሁት፤ ያው መጥፎ ነበር፣ ግን ሰው ነበረበት።

ያን ሰሞን ወጣት ወንድ ከየገበያው እየተለቀመ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር የሚወሰድበት ጊዜ ነበር። ታደለች በዶዮገና ገበያ ቀን ስለሚነሣው ጉም አንድ ዘፈን ሠራች። ጴጥሮስ ከዘይት ቆርቆሮ በሠራው ክራር አጀባት። መግቢያውንና መሐሉን ያንኑ ዕለት ከራሱ ፈጠረው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቀዱት፣ ለረዳቱም ሰጡት። ካሴቱ ሆሳዕና ሎምቤቦ ጋ በደረሰበት ሳምንት ጴጥሮስ ተወሰደ። ሎምቤቦ ደግሞ የሚሰድበውን ቦታ ለማረጋገጥ ወደኋላ ወደፊት ሲያመላልስ ቆይቶ፣ አስተያየቱን ሊሰጥ ሲነሣ ካሴቱን መገልበጥ ረሳ። ቀዩን ቁልፍ ተጭኖ በዘፈኑ ላይ ሙሉ ፊቱን ተናገረበት። ታደለች ካሴቱ ሲመለስላት የወንድሟን ክራር ልትሰማ ከፈተችው፣ የሎምቤቦ ጉሮሮ ሲጠራ ሰማች። ቤቱ ድረስ ሄዳ ብትነግረው ደረቱን ነፍቶ «ምን ችግር አለው? ደግማችሁ ቅዱት፣ እንዲያውም ይሻሻላል» አላት። ደግሞ የሚቀዳ ጴጥሮስ ከየት ይምጣ? ልጁ በሄደበት ቀረ፤ መርዶው ራሱ በቅጡ አልመጣም። እኔ ይህን ስሰማ ሎምቤቦን መንገድ ላይ ሰላም ማለት ተውኩ፤ ማኅበራችንም በዚያው ፈረሰ።

«ቃሉን አውቀዋለሁ» አለች ታደለች ሻይዋን ሳትነካ። «የኔን ዜማም አውቀዋለሁ። የጠፋብኝ የሱ ነው። መግቢያው። ጣቱ ሲሄድ ይታየኛል፣ ግን ድምፅ የለውም። ፎቶ እንኳ የለውም እኮ ጋሽ ተስፋዬ። ያቺ ብቻ ነበረች። የእህቶቼ ልጆች ‹አጎታችን ምን ዓይነት ሰው ነበር?› ሲሉኝ የማሰማቸው የለኝም።»

«ይሄን ንግግሩን ጨርሰሽ ሰምተሽዋል?»

«የማንን? የዚያን ሰውዬ? ‹ውድ ታደለች› ሲል ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ተከፍቶም አያውቅ።»

«አንቺ ሰው! ሎምቤቦ እኮ ሳይዘፍን ተሳድቦ አያውቅም!»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ቦርሳዋን አንሥታ ከእኔ ቀድማ ወጣች። በባጃጅ ወደ ቤቴ ሄድን። የድሮ ቴፔ አለ፤ ሚስቴ ዳንቴል አልብሳ የላስቲክ አበባ አስቀምጣበታለች። አበባውን አንሥቼ፣ አቧራውን በሸሚዜ እጅጌ ጠርጌ ሰካሁት። ሞተሩ እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ ግን ዞረ።

«ውድ ታደለች፣ ካሴትሽ ደርሶኛል። ደጋግሜ አዳምጬዋለሁ፤ በደጋገምኩ ቁጥርም ተጸጽቻለሁ።» የሃያ ምናምን ዓመቱ ሎምቤቦ ነው፤ ትዕቢቱ ከነሽታው ክፍሉን ሞላው። ስለ ጉሙ ቀለደ፤ «ጉሙ ሲነሣ ገበያው ታየኝ ትያለሽ፤ ጉም ሲነሣ ገበያ የማይታየው ማን ነው?» አለ። ታደለች ከንፈሯን ነክሳ ወለሉን ታያለች። እኔ ያንን ሰው በዚያች ደቂቃ ባገኘው በአበባ ማስቀመጫው እመታው ነበር። ቀጥሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «አሁን ወደ ክራሩ እንምጣ። ወንድምሽ ክራር ነው የሚመታው ወይስ ዶሮ ጥሬ እየለቀመች ነው? ስሚው! ዲም ዲም ዲሪሪም፣ ዲም ዲሪም። ደግሞ አላፈረም፣ ይመለስበታል! ዲም ዲም ዲሪሪም... አሁን ወደ ላይ ይሄዳል፤ ምን ሊያደርግ ይሄዳል? ዲሪሪ ዲሪሪ ዲም...»

ታደለች ክንዴን ያዘች። «ቁም! መልሰው።»

መለስኩት። እንደገና አሾፈ። እንደገና መለስኩት። ሎምቤቦ መግቢያውን በሙሉ፣ መሐሉን በሙሉ፣ አንዲት ነጥብ ሳይዘል እየሰደበ ዘፍኖታል። የሚገርመው ጆሮው ነበር፤ ይህን ያህል የናቀውን ዜማ ይህን ያህል አጥርቶ የያዘ ሰው አላየሁም። ታደለች ዓይኗን ጨፍና ከሱ ሥር ሥር ማንጎራጎር ጀመረች፤ ስድቡ ሲመጣ ዝም ትላለች፣ ዜማው ሲመጣ ትከተለዋለች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ይንጠባጠባል፣ አልጠረገችውም። ሚስቴ ገብታ ሁለታችንን አየችና ምንም ሳትጠይቅ በሩን መልሳ ዘጋችው። ካሴቱን እኔ ቤት ትታ፣ ዜማውን በአፏ ይዛ፣ የመጨረሻውን የዶዮገና መኪና ተሳፍራ ሄደች።

ስለ ግሩፑም ስለ ሎምቤቦም ነግሬያት ነበርና፣ ባለፈው እሑድ እዚያ ውስጥ የታደለች ስም ብቅ አለ። ቤቷ፣ በስልክ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ክራር ከምትመታ ጎረቤቷ ጋር ቀድታዋለች። ከጽሑፍ ምንም አላለችም፤ «አስተያየታችሁን ጀባ በሉኝ» ብቻ። በሩን ዘግቼ ሰማሁት። ድምፅዋ ትንሽ ሻክሯል፣ አንድ ቦታ ላይ ትንፋሽ አጥሯታል፣ ከውጭ በግ ይጮኻል፤ ግን ከዚያ ግሩፕ ውስጥ እስከ መጨረሻው የሰማሁት የመጀመሪያው ዘፈን እሱ ነው። ሌሎቹማ ያው ናቸው። «ዋው ማዘር!» «ተባረኪ!» እሳት፣ ልብ፣ እጅ። መታጠቢያ ቤት የሚዘፍነው ልጅ «ኪቦርድ ቢጨመርበት ይፈነዳል» አለ። ሎምቤቦም መጣ። «ድንቅ ነው እህቴ፣ ጸጋውን ያብዛልሽ። ክራሩ ልብ ይነካል። ዜማው የማን ነው?»

ዜማው የማን ነው! በዚህ ሁሉ ዓመት የያዝኩትን መርዝ በአንድ ጊዜ ልጽፍለት «አንተ» ብዬ ጀመርኩ፤ ስልኩ ራሱ «አንተ» ከሚለው አስከትሎ «ተባረክ» የሚል ቃል አቀረበልኝ። እኔ ከዚህ ማሽን ጋር ስታገል ታደለች ቀደመችኝ። «የወንድሜ የጴጥሮስ ነው። ካንተ ስድብ ላይ ነው የለቀምኩት» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ሦስት አራት ሰው ወዲያው «ተባረኩ!» አሏቸው፤ ያነበበ የለማ! ሎምቤቦ ግን ያን ቀን ማንንም አልባረከም። በማግሥቱም። ወጣቶቹ «ጋሽ ሎምቤ ደኅና ነህ?» እያሉ መጠየቅ ጀመሩ። እኔ ደስ አለኝ፤ ይበለው፣ ይቅመሰው እያልኩ ቁርሴን በደንብ በላሁ።

በሦስተኛው ቀን ረጅም የድምፅ መልእክት ተለቀቀ። የሎምቤቦ ነው። መጀመሪያ ላይ ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። «ታደለች» አለ፣ ሽማግሌ ሆኗል፣ ድምፁ ተሰነጣጥቋል። «እኔ ከዚያች ካሴት ወዲህ የማንንም ዘፈን አርሜ አላውቅም። አፌን ባልከፍት ምንም አይጠፋም ብዬ ነው። ወንድምሽ አለመመለሱን ከሰማሁ በኋላ ያንን ዜማ ከጭንቅላቴ ላወጣው አልቻልኩም፤ እሑድ ስሰማው ግን ስምሽንም ቃሉንም ልብ ሳልል፣ የሌላ ሰው ክራር መሰለኝና አላወቅሁትም። ለምን እንዳላወቅሁት አሁን ነው የገባኝ።» ከዚያ ያ የማውቀው፣ የምጠላው፣ ኮምጣጣ ድምፅ ከሥር ብቅ አለ። «ምክንያቱም ተሳስታችኋል። የመግቢያዋን መጨረሻ ወደ ላይ ሰቅላችኋታል። ጴጥሮስ አይሰቅላትም። እሱ ሲጨርስ ዝቅ ያደርጋታል። ስሚኝ።» ዘፈነው። ሳያሾፍ፣ በዚያ በተሰነጣጠቀ ጉሮሮ፤ ዲም ዲም ዲሪሪም፣ ዲም ዲሪም፤ የመጨረሻዋን ወደ ታች አውርዶ ተዋት።

ሰደብኩት። ቤት ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ጮክ ብዬ ሰደብኩት። ስልኬ ጮኸ፤ ታደለች ናት።

«ሰማኸው?»

«ሰማሁት። አትስሚው። አርጅቷል፣ ይቀባጥራል።»

«እስቲ ካሴቱን ክፈተውማ ጋሽ ተስፋዬ። ለኔ ብለህ።»

ስልኩን ቴፑ አጠገብ አስቀምጬ ከፈትኩት። ጆሮዬን ማጉያው ላይ ለጥፌ፣ የሞተሩን ጩኸት አልፌ ሰማሁ። ወጣቱ ሎምቤቦ እያሾፈ መግቢያውን ጨረሰ። ዝቅ አለ። ያን ቀን እኔና ታደለች ከወፍጮው ድምፅ የተነሣ አልሰማነውም እንጂ ዝቅ ነበር ያለው። መለስኩት፤ እንደገና ዝቅ አለ። ስለዚያ ሰው ይህን ቃል ከምናገር አንድ ጥርስ ቢነቀልልኝ እመርጥ ነበር።

«ልክ ነው» አልኳት።

በስልኩ ውስጥ ዝግ ብላ መግቢያውን ስታንጎራጉር ይሰማኛል። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ዝቅ አደረገችውና ቆመች። ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ታደለች? አለሽ?»

«አለሁ» አለች። «ትከሻውን... ሲጨርስ ግራ ትከሻውን ዝቅ ያደርግ ነበር እኮ። ረስቼው ነበር።»